ካርድ የሚበላው ስልክ

መቱ ከተማ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉ። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃቸው በየሳምንቱ ሰኞ የ50 ብር ካርድ ትሞላላቸዋለች። የሚደውሉት ለጥቂት ሰው ነው፤ ጎሬ ላለው ወንድማቸው፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በደሌ ላለ የድሮ ባልደረባቸው። ካርዱ ግን ቅዳሜን አይቶ አያውቅም።

«ይሄ ስልክ ካርድ ይበላል» ይሏቸው ነበር ባለቤታቸውን።

ቤታቸው ውስጥ ከሁሩሙ ገጠር መጥታ መቱ የምትማር የእህታቸው ልጅ ነበረች። የራሷ ስልክ የላትም። ማታ ማታ የእሳቸውን ተውሳ ለእናቷ ትደውላለች፤ አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት። አንድ ቀን ልጃቸው ከአዲስ አበባ ደውላ «አባዬ፣ ካርዱን ምን ታደርገዋለህ?» ብላ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ዓይናቸው ወደ ልጅቷ ሄደ።

ምንም አልተናገሯትም። ስልኩን ብቻ ማታ ማታ ትራስ ሥር ማስቀመጥ ጀመሩ። ልጅቷም ስልክ መጠየቅ ተወች። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ እናቷ ሄደች። መስከረም ሲጠባ «እዚሁ ሁሩሙ ብማር ይሻለኛል» ብላ በዚያው ቀረች።

ነገሩ የታወቀው ከወራት በኋላ ነው። መምህሩ ባትሪ ለማስቀየር መናኸሪያው አካባቢ ስልክ የሚጠግን የቀድሞ ተማሪያቸው ዘንድ ሄዱ። ልጁ መልእክቶቹን ገልጦ አየና «ቲቸር፣ ስልኩ ጤነኛ ነው። ሦስት አገልግሎት ላይ ተመዝግበዋል» አላቸው።

አገልግሎት የተባሉት በየጠዋቱ የሚመጡላቸው ንባቦች ነበሩ። አንዱ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ አንዱ የጤና ምክር፣ አንዱ ደግሞ አጭር ታሪክ ይዞ ይመጣል። መምህሩ ይወዷቸዋል። ቁርስ ላይ ጮክ ብለው ለባለቤታቸው ያነቡላቸው ነበር። እንደ ሬዲዮ በነፃ የሚመጣ ነገር መስሏቸው ነው።

እያንዳንዱ በቀን 2 ብር ይቆርጣል። ሦስቱ በቀን 6 ብር፣ በሳምንት 42 ብር መሆኑ ነው። ከ50 ብሩ 84 በመቶ! ለመደወያ የሚተርፋቸው 8 ብር ብቻ ነበር። በዓመት ሲሰላ 2,190 ብር ይመጣል። ዕድሜ ልካቸውን ፐርሰንት ሲያስተምሩ የኖሩት ሰውዬ ይህችን ስሌት በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ።

እንዴት ተመዘገቡ? የአንደኛው መነሻ እዚያው ስልክ ውስጥ ተገኘ። «የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በነፃ፤ ኦኬ ብለው ይላኩ» የሚል መልእክት መጥቶላቸው ነበር። መምህሩም ሰው ሲልክብህ መልስ መስጠት ጨዋነት ነው ብለው ኦኬ አሉ። ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ማንም «ልቀጥል?» ብሎ አልጠየቃቸውም። የቀሩትን ሁለቱን መቼ እንደጀመሯቸው ጨርሶ አያስታውሱም።

የሥራው አካሄድ ውስብስብ አይደለም። ይዘት አቅራቢ የሚባሉ ድርጅቶች ከቴሌኮም ኩባንያ ጋር ተዋውለው አጭር ቁጥር ይወስዳሉ። በዚያ ቁጥር መልእክት ይልካሉ፣ ሂሳቡ ከደንበኛው ካርድ ላይ ይቆረጣል፣ ገቢውን ይካፈላሉ። በራሱ ነውር የለበትም። ወዶና አውቆ የሚከፍል ደንበኛ ሞልቷል። ችግሩ የሚመጣው መግቢያው ባለ ሁለት ፊደል ሆኖ መውጫው ሲደበቅ ነው። በአማርኛ የሚነበብ አገልግሎት ለማቆም በእንግሊዝኛ ፊደል «ስቶፕ» ብሎ መላክ ግድ ሲሆን፣ ያንን የሚነግረው መስመር ደግሞ ከመልእክቱ ግርጌ ሲቀር ነው።

«ሳያነብ ኦኬ ያለ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚል ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው። መምህሩ ግን ኦኬ ያሉት ለነፃው 3 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። የአበው ተረት «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይላል። በስልክ ዓለም ግን ዝንቡ የሚገባው ዝም ባለው አፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1682 ላይ ዝም ማለት በመርህ ደረጃ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ደንግጓል። ሞባይል ባልነበረበት ዘመን የተጻፈ ሕግ ይህን ያህል አርቆ አይቷል።

ጉዳዩ የመቱ ብቻ አይደለም። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሰዎችን በውል ሳይፈቅዱ ወርኃዊ ደንበኛ አድርጓል፣ መውጫውንም አክብዷል ተብሎ ተከስሶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ጥፋቱን ሳያምን 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። በክሱ ላይ እንደተገለጸው ኩባንያው ውስጥ የመሰረዣው ሂደት የሚጠራው «ኢሊያድ» በሚል ስም ነበር፤ ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት በተጻፈው የግሪክ መጽሐፍ ስም መሆኑ ነው። ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ቀላል መላ አመጣች፦ የቴሌኮም ተቆጣጣሪዋ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ካላረጋገጠ እንዲህ ያለ አገልግሎት እንዳይጀመርለት አዘዘ።

እኛም ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። ነፃው ጊዜ ሲያልቅ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠየቅ። የተቆረጠው ሂሳብ በየወሩ ተደምሮ ለደንበኛው ይነገረው። መውጫው አገልግሎቱ በሚሰጥበት ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን።

እስከዚያው ግን የእናትና የአባትን ስልክ ተቀብሎ ማየት የልጆች ሥራ ነው። በየቀኑ ከአጭር ቁጥር የሚመጣ መልእክት ካለ፣ ማቆሚያ ቃሉን ፈልጎ ወደዚያው ቁጥር መላክ። በማግስቱ ቀሪ ሂሳብ ማየት። መቆረጡ ከቀጠለ ቀኑንና ቁጥሩን መዝግቦ መጀመሪያ ለኩባንያው፣ መልስ ከጠፋ ለባለሥልጣኑ አቤት ማለት። ከሁሉ በፊት ደግሞ በቤት ሰው ላይ ከመፍረድ በፊት ስልኩን መመርመር።

መምህሩ ያንኑ ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍረው ሁሩሙ ሄዱ። እህታቸው ቡና አፈላች። ልጅቷን ከጎናቸው አስቀምጠው ነገሩን ከነስሌቱ ነገሯትና ይቅርታ ጠየቋት።

ልጅቷ አቀርቅራ ቆየች። ከዚያ በቀስታ እንዲህ አለች፦

«ኤሱማ፣ እኔም እኮ በእኔ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።»