እርም ያስወጣች መርከብ

ፖርትስመዝ፣ ቅዳሜ ረፋድ

ከለንደን ዋተርሉ የተሳፈርኩበት ባቡር ፖርትስመዝ ወደብ ሲደርስ ሐዲዱ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ ነው። ከጣቢያው አጠገብ ወደ ጎስፖርት የምታሻግረውን ጀልባ ያዝኩ። መሻገሪያው አጭር ነው፤ አንድ ስኒ ቡና አያስጨርስም። በስተቀኝ ግራጫዎቹ የጦር መርከቦች ተደርድረዋል፤ በስተግራ የወደቡ አፍ ይታያል። ከዚህ የተነሡ ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ባሕር የወጡት በዚያ አፍ ነው።

የመጣሁት ስለ አንዲት መርከብ ነው። መርከቧ ግን ዛሬ የለችም፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለብረቷ ተሸጣ ፈርሳለች። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሪክሌም ትባል ነበር፤ በእንግሊዝኛ የጠፋን ማስመለስ እንደማለት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሬንፍሩ ላይ ተሠርታ በ1948 ውሃ ነካች። በ1979 እስክትሰናበት ድረስ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የጥልቅ ውሃ ጠለቃን የሚሞክርባት፣ ሰርጓጅ መርከብ አደጋ ሲደርስበትም የሚልካት እሷን ነበር።

ወደ እሷ የሳቡኝ ደሴ ያደግሁበት ግቢ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን በጀልባ ተሳፍሮ ከቀረ ብዙ ዓመት ሆነው። አስከሬን አልመጣ፣ አይቼዋለሁ የሚል ሰው አልተገኘ፣ ድንኳን አልተጣለ። እርማቸውን አላወጡም። በር ሲንኳኳ ዛሬም ከሰው ሁሉ ቀድመው የሚነሡት እሳቸው ናቸው።

ሃስላር፣ እኩለ ቀን

የሰርጓጅ መርከብ ሙዚየሙ ሃስላር ከሚባለው የባሕር ክንፍ ዳር ነው። አላያንስ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ከውሃ ወጥታ በብረት እግሮች ላይ ተቀምጣለች። ርዝመቷ 85 ሜትር ገደማ ነው። ውስጧ ስገባ የናፍጣ ሽታ አለ፤ አልጋዎቹ በግድግዳው ላይ ተደራርበዋል፣ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከ60 በላይ ሰዎች እዚህ ይኖሩ ነበር።

የሚያስጎበኙን የቀድሞ ባሕርተኛ የሆኑ አዛውንት ናቸው። በ1951 ስለጠፋችውና ሪክሌም ስለተላከችላት ሰርጓጅ መርከብ፣ ስለ አፍሬይ፣ ስጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኅቷ ናት» አሉኝ አላያንስን በመዳፋቸው መታ እያደረጉ። በአንድ ንድፍ የተሠሩ ናቸው።

እንዲህ ያለ ሰርጓጅ መርከብ ውሃ ውስጥ የሚሄደው በባትሪ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው የናፍጣ ሞተር ደግሞ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ከውሃው ወለል ብዙ ሳይርቅ፣ ረጅም የአየር መሳቢያ ቱቦ ወደ ላይ ብቅ አድርጎ ሞተሩን እያሠራ ይጓዛል። ያ ቱቦ ከሥሩ ቢሰበርና የታችኛው መዝጊያ በቶሎ ባይዘጋ፣ ባሕሩ በዚያው ቀዳዳ ይገባል።

አፍሬይ ከዚህ ወደብ የወጣችው ኤፕሪል 16 ቀን 1951፣ በእኛ ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። ለልምምድ የተሳፈሩት 75 ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል በሥልጠና ላይ ያሉ ወጣት መኮንኖች ነበሩበት። ልትጠልቅ መሆኗን በሬዲዮ አስታወቀች። በማግስቱ ጠዋት ደህና ነኝ የሚል መልእክት መላክ ነበረባት፤ አልላከችም።

መርከብና አውሮፕላን ሁሉ ለፍለጋ ወጣ። እንግሊዞች ይህን ፍርሃት ያውቁታል። በ1939 ቴቲስ የተባለችው ሰርጓጅ መርከባቸው በሊቨርፑል ባሕረ ሰላጤ ለሙከራ ስትጠልቅ ውሃ ገባባት። ጅራቷ ከውሃ በላይ እየታየ ለሰዓታት ቆየች፤ ውስጧ ከነበሩት 103 ሰዎች ግን በሕይወት የወጡት አራት ብቻ ናቸው። አይተው መድረስ ያቃታቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ እንደገና የሚፈልጉት።

ቀናቱ ሲያልፉ ተስፋው አለቀ፤ ፍለጋው ግን አልቆመም። ከሙዚየሙ ወጥቼ በአገልግሎት ላይ ላለፉት ባሕርተኞች መታሰቢያ ከተሠራው ቦታ ስቆም፣ ያልቆመበት ምክንያት ገባኝ። 75 ቤት በር እየተመለከተ ነበር።

ስቶክስ ቤይ፣ ከሰዓት በኋላ

በአውቶቡስ ወደ ስቶክስ ቤይ ሄድኩ። አሮጌ የመድፍ ምሽግ ውስጥ የጠለቃ ሙዚየም አለ። ከመዳብ የተሠሩ ክብ የራስ ቁሮች ትንንሽ መስኮቶቻቸውን ወደ እኔ አዙረው ተቀምጠዋል። አንዱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆየሁ፤ የሪክሌም ጠላቂዎች ጭንቅላታቸውን ያስገቡት እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ነው።

ወደ ታች የሚወርድ ሰው ሁለት ጠላት አለው። በጥልቀት ተራ አየር ሲተነፍስ ናይትሮጅኑ እንደ አረቄ ያሰክረዋል፤ የያዘውን መፍቻ ምን ሊያደርግበት እንደነበር ይረሳል። ሲወጣ ደግሞ፣ ከቸኮለ፣ በደሙ ውስጥ የሟሟው ጋዝ አረፋ ሆኖ ሽባ ያደርገዋል ወይም ይገድለዋል። ሪክሌም የተሠራችው ሁለቱን ለማሸነፍ ነው። ናይትሮጅኑን በሂሊየም ተኩ፤ የጠላቂው ድምፅ በስልክ ሲሰማ እንደ ሕፃን ይቀጥናል፣ አእምሮው ግን አይደነዝዝም። ሲመለስ፣ ውሃ ውስጥ ወደ ወረደለት የብረት ክፍል ገብቶ፣ ግፊቱ ቀስ በቀስ እየተቀነሰለት ለሰዓታት ይጠብቃል።

በነሐሴ 1948 ዊልፍሬድ ቦላርድ ከሪክሌም ተነሥቶ በስኮትላንዱ ሎክ ፋይን 163 ሜትር ወረደ። በ1956 ጆርጅ ዉኪ በኖርዌይ ፊዮርድ 183 ሜትር ደረሰ። መዝገብ እነዚህን እንደ ክብረ ወሰን ይጽፋቸዋል፤ እኔ ግን የማነባቸው ባሕር ላልመለሳቸው ሰዎች የተዘረጋ ገመድ በየጊዜው እየረዘመ ሲሄድ ነው።

አፍሬይን የፈለጉበት የእንግሊዝ ቻናል የሁለት የዓለም ጦርነቶች መቃብር ነው። የድምፅ መሣሪያው አንድ ነገር ባገኘ ቁጥር በሌላ ጦርነት የሰመጠ ሌላ መርከብ ሊሆን ይችላል፤ ወርዶ ማየት ግድ ነው። ጠላቂው ሊሠራ የሚችለውም የባሕሩ ፍሰት ጋብ በሚልበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ እየተባለ ሁለት ወር ሊሞላ ሲል፣ ጁን 14፣ ሎክ ኢንሽ የተባለች መርከብ ከአልደርኒ ደሴት ሰሜን ምዕራብ፣ ሄርድ ዲፕ በሚባለው ገደል ጫፍ አንድ ነገር አገኘች። ሪክሌም ላዩ ላይ ቆመች። ጠላቂ ወረደ። ቀጥሎም በዚያ ዘመን ገና አዲስ የነበረውን የውሃ ውስጥ የቴሌቪዥን ካሜራ 86 ሜትር ገደማ አወረዱ። መርከቧ ላይ ያሉት ሰዎች በትንሹ መስታወት የጨለማውን ውሃ ሲመለከቱ ፊደላት ብቅ አሉ፤ ሲያነቧቸው «አፍሬይ» ይላሉ።

የአየር መሳቢያ ቱቦዋ ተሰብሮ ተገኘ። ቱቦው ወጥቶ ተመረመረ፤ ስብራቱ የአደጋው ምክንያት ይሁን ውጤት ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። አፍሬይን አላወጧትም። 75ቱ እዚያው ናቸው፤ ስፍራው በሕግ እንደ መቃብር ይጠበቃል። ከነሰዎቿ ባሕር ላይ የቀረች የመጨረሻዋ የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ እሷ ናት።

ልታድን የተሠራችው መርከብ ያደረሰችው መርዶ ነው። ከማዳን ያነሰ ሥራ አድርጌ አላየውም። እኛ አገር መርዶ ነጋሪ ሆኖ የሚላከው ማንም አይደለም፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሌሊት ተነሥቶ፣ ቃሉን አዘጋጅቶ ይሄዳል። ሪክሌምም ለዚያ አንድ ቃል ያን ሁሉ ጥልቀት ወርዳለች።

የመመለሻ ጀልባ፣ ምሽት

ጀልባዋ ስትሻገር የወደቡን አፍ ደግሜ አየሁት። ውሃው ጸጥ ብሏል። በኦቦክና በየመን መካከል ላለው ባሕር ካሜራ ይዛ የምትወርድ መርከብ እንደሌለች አውቃለሁ።

ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ደሴ ደወልኩ። ስልኩ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሡት።

«አንተ ነህ?» አሉ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ፤ ከለንደን» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እንደምን አለህልኝ ልጄ» አሉኝ።