ፒክአፑ ስንት ይጎትታል?

አይ-35 ላይ ከኋላው ዝቅ ያለ ፒክአፕ ተጎታች ይዞ ሲበር ሳይ ልቤ ይሰጋል። ጋርላንድና ዳላስ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ «11,000 ፓውንድ ይጎትታል» መባሉን ብቻ አትመኑ። የሾፌሩን በር ክፈቱና መቃኑ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፤ ሰውና ዕቃ በድምሩ ከስንት መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል።

1,500 ፓውንድ ነው እንበል። ተጎታቹ ከነጭነቱ 9,000 ቢሆን፣ ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶው መኪናው ላይ ያርፋል። በ12 በመቶ 1,080 መሆኑ ነው። 420 ቀረ፤ ሾፌሩ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆች ሲገቡበት አለቀ!

ጭነቱን ወደ ኋላ መግፋትም አያዋጣም፤ ፊቱ የቀለለ ተጎታች ፍጥነት ሲጨምር ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። እባካችሁ፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የከባድ መኪና ማደያ ጎራ ብላችሁ ሚዛን ላይ አውጡት።