ሃያ ኪሎ

ዶርም ውስጥ «ብረት ገፊው» እየተባልኩ እንደምጠራ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ስሙን አልጠላሁትም። ስለ ስፖርት አንድ ነገር ጻፍ ስባልም ደስ ብሎኝ ነበር የተቀበልኩት። ደረትና ክንድ እንዴት እንደሚወጣ ልጽፍ ነበር ሃሳቤ። ብዕር ሳነሳ ግን ፊቴ ላይ ድቅን ያለው የታናሽ ወንድሜ የእግር ጣት ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ያደግኩት አውበሬ ነው። ለማታውቋት፣ አውበሬ ከጅጅጋ በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ለሶማሌላንድ ድንበር ተጠግታ የምትገኝ ከተማ ናት። ተፈሪ በር የሚለውን ስም የሰማችሁ ካላችሁ እሷው ናት። አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ እኛም አማርኛውንና ሶማሊኛውን እያቀላቀልን አደግን። በሰፈራችን ጂም የሚባል ነገር ስላልነበረ አስረኛ ክፍል እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር የራሳችንን ብረት ሠራን። ሁለት ባለ 4 ሊትር የቀለም ጣሳ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋና አንድ የውሃ ቧንቧ ብረት... በቃ! አንዱን ጣሳ ሞልቶ ቧንቧውን መሃሉ ላይ ማቆም፣ ሲደርቅ ደግሞ ገልብጦ ሌላውን መሙላት ነው። በአገራችን በየሰፈሩ ስንቱ ወጣት በእንዲህ ዓይነቱ ብረት ጡንቻ እንዳወጣ ቤት ይቁጠረው።

ባለፈው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ቤት ስገባ ብረቱ ጓሮ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ጠዋት ጠዋት መሥራት ጀመርኩ። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሜም እንጨት ይዞ ከጎኔ ይቆምና እኔ የማደርገውን ሁሉ ያደርጋል። ኩራት ተሰማኝ። አንድ ቀን ግን ብረቱን ግቢው መሃል ጥዬ ሻይ ልጠጣ ወጣ አልኩ። ስመለስ ጩኸት! ብረቱን ሊያነሳ ሞክሮ አውራ ጣቱ ላይ ወድቆበታል። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ተመስገን፤ ጥፍሩ ግን ተነቀለ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነው። ልጅ የምንነግረውን ላይሰማ ይችላል፤ የምንሠራውን ግን ሳይኮርጅ አያድርም።

ማታ አባዬ ተቆጣ። «ይህ ብረት ከዚህ ግቢ ይውጣ! ብረት ልጅን እንደሚያሳጥር አታውቅም?» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ መልስ ስፈልግ በሩ ተከፈተና የአሥራ ሁለት ዓመቷ እህቴ ገባች። ጀርባዋ ላይ በገመድ የታሰረ ቢጫ ጀሪካን አለ። ወቅቱ ሶማሌዎች ጂላል የሚሉት ደረቅ ወቅት ነው፤ ውሃ የሚያመላልሰው የአህያ ጋሪ ሲጠፋ ከብርካ፣ ማለትም የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ፣ ቀድታ የምታመጣው እሷ ናት። በቀን ሁለት ጊዜ። ጀሪካኑን አውርዳ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ያሳጥርሻል» ያላት ግን አልነበረም። አባዬም፣ እማዬም፣ እኔም!

በማግስቱ ብረቱን ተሸክሜ የስኳር ጆንያ ወደሚመዘንበት ሱቅ ሄድኩ። 20 ኪሎ ሆነ። የእህቴ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ ነው። ልብ በሉ! ያ የምመካበት ብረትና እህቴ በቀን ሁለቴ የምታዝለው ውሃ እኩል ናቸው። እሷን ስመዝናት 33 ኪሎ ሆነች፤ ከራሷ ክብደት ከግማሽ በላይ ትሸከማለች ማለት ነው። እኔ 68 ኪሎ ሰውዬ 20 ኪሎ አንስቼ መስታወት ፊት እቆማለሁ።

ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን ማንበብ ያዝኩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጽሑፍ እንደሚለው፣ አዋቂ እየተቆጣጠረው፣ በትክክለኛ አሠራርና በቀላል ክብደት የሚደረግ የጡንቻ ስፖርት የልጅን ዕድገት የሚጎዳ ሆኖ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንዲሆን መክሯል። ልጅን የሚያሳጥረው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ይህን ያመጣው የምግብ እጥረትና በሽታ እንጂ የቀለም ጣሳ አይደለም።

ታዲያ የእህቴም ሸክም ስፖርት ነው እንበል? በፍጹም! ኃይሌ ገብረሥላሴ ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። መጽሐፍ ይዞ የለመደው ግራ እጁ ዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም እንደታጠፈ ነበር። እሱ ግን የሚሮጠው ወደ ትምህርት ቤት ነው፤ እህቴን ጀሪካኑ ከትምህርት ያስረፍዳታል። ስፖርት ሲደክምህ የምታቆመው፣ አርፈህ የምትጨምረው ነው። ሸክም ግን ደከመህ አልደከመህ ቤት መድረስ አለበት።

ዕረፍቱ እስኪያልቅ ውሃውን እኔ አመጣሁ። በሁለት እጄ ሁለት ጀሪካን፣ 40 ኪሎ። እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ የትከሻና የክንድ ስፖርት ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም! ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሁለቱ ልጆች ጋር ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ። ወንድሜ ጣቱ እስኪድን እየተቀመጠ ቆጣሪ ሆነ። እማዬ መጀመሪያ «ሴት ልጅ ፑሽ አፕ?» ብላ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን በመስኮት እያየች ስትስቅ ያዝኳት።

ኤዶ የምንላቸው አሮጊት ጎረቤታችንም ያዩን ነበር። ስለ ሚዛኑ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «እኔ በእሷ ዕድሜ ውሃ ተሸክሜ ስሄድ ማን መዘነኝ?» አሉ። ከዚያ ለመነሳት ሲሉ ወገባቸውን ይዘው፣ ደግፈኝ ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ባለፈው እሁድ ቤት ደወልኩ። የወንድሜ ጥፍር እየወጣ ነው አሉኝ። እህቴን «ውሃ ማን ያመጣል?» አልኳት።

«አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ። ለእሱ ግን አምስት ሊትሯን ነው የሚሰጡት።»

«ለአንቺስ?»

«ያንኑ።»

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። በሚቀጥለው ዕረፍት ስሄድ ሌላ አምስት ሊትር ጀሪካን ለእሷም ይዤላት እገባለሁ፤ ከአባዬም ጋር ቁጭ ብለን ስለ ጋሪው ሒሳብ እንነጋገራለን። እናንተም ወደየቤታችሁ ስትገቡ የታናናሾቻችሁን ጡንቻ ብቻ ሳይሆን ጀርባቸው ላይ ያለውን ነገር እዩልኝ። ከተቻለም መዝኑት።

ቸር ይግጠመን!