ቪትዝ ወይስ ያሪስ?

እኔና እህቴ እቁብ ወጣልንና መኪና ፍለጋ ገባን። ቪትዝ ወይስ ያሪስ? ወንድማችን “አንድ መኪና አይደሉ እንዴ?” ብሎ ሳቀብን። አልተሳሳተም። ቶዮታ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣትን ትንሽ መኪና ጃፓን ውስጥ ቪትዝ፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ እያለ ነው የሸጣት። ነገሩ መሪው ላይ ነው። ያየናት ያሪስ መሪዋ ከፋብሪካ በግራ ነው፤ ቪትዟ ግን ጃፓን በቀኝ ስትነዳ ኖራ ወደ ግራ የተዛወረላት ናት።

ቪትዟ ትረክሳለች። ደላላው “ይቺ እኮ ጥሬ ብር ናት! ነገ ብትሸጧት አትከስሩም” አለን። ልባችን ሸፈተ። በዚያ ላይ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ አገር ውስጥ ያለችው እንደምትፈለግ ገምተናል።

መካኒካችን ግን ዳሽቦርዱ ሥር ተኝቶ ብዙ ቆየ፤ በፕላስተር የተጠቀለለ የሽቦ ጉንጉን ስቦ አሳየን። መሪውን ያዛወረው ሰው ችኩል ነበር መሰለን። ታዲያ ነገ ስንሸጣት ገዢው መካኒክ ይዞ አይመጣም? ደላላው ይህን አልነገረንም።

የጎደለንን ከእማዬ ተበድረን ያሪሷን ገዛን። ማርሿ ማኑዋል ነው። ትናንት ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ እህቴ ሦስቴ ጠፋባት፤ ከኋላ ያለው ታክሲ ጡሩንባውን አልለቀቀም።