ጋኑን ለሠራችው ማን ይቅዳላት?

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ከቴክሳሷ ሳን አንቶኒዮ የአንድ ጥቁር ቢራ አጠማመቅ ለፈለገው ሁሉ በነፃ ተለቀቀ። ባለቤቱ ማርከስ ባስከርቪል ነው፤ በዚያን ጊዜ ዌዘርድ ሶልስ የተባለው አነስተኛ ቢራ ፋብሪካ ተባባሪ መሥራችና ዋና ጠማቂ፣ በሙያው ውስጥ በጣት ከሚቆጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን አንዱ። ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ ጉልበት ሥር ከሞተ ገና ሳምንታት ቢሆኑ ነው። ቢራው የአልኮል መጠኑ 10 በመቶ አካባቢ የሆነ ወፍራም ስታውት ሲሆን፣ ስሙ «ብላክ ኢዝ ቢዩቲፉል» ተባለ። አብሮኝ ልጥመቅ ላለ ሁሉ የጣሳው ሥዕል ጭምር ተሰጠው፤ ከፈዛዛ ቡኒ እስከ ድቅድቅ ጥቁር የሚሄድ የቆዳ ቀለም። በምላሹ የተጠየቀው ቀላል ይመስላል። ከሽያጩ የሚገኘውን ገቢ በሙሉ ለፖሊስ አሠራር መሻሻልና ለተበደሉ ሰዎች የሕግ ጥብቅና ለሚሠራ የአካባቢ ድርጅት መስጠት፣ ከዚያም ለእኩልነት በሚደረገው የረጅም ጊዜ ሥራ ለመቀጠል ቃል መግባት። ከ1,000 በላይ ጠማቂዎች፣ ከ50ዎቹም ግዛቶችና ከአሜሪካ ውጪ ካሉ ብዙ አገሮች፣ እሺ ብለው ጠመቁ። ገንዘቡ በደረሰኝ ይታያል፤ የመጨረሻው ቃል ግን ደረሰኝ የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ደረሰኝ የሌለው ቃል ነው። የአገር ቤቱን ጠላና የደቦን ልማድ ከጎኑ ባቆመው፣ የትኛው ምን እንደጎደለው የበለጠ ይገለጣል ብዬ አምናለሁ።

አገር ቤት መጠጥና የፈረሰን ቤት ማቆም የሚገናኙት በሌላ መንገድ ነው። ጎጆ ሊያቆም ያሰበ ገበሬ ደቦ ይጠራል። ከጥሪው በፊት ግን የብዙ ቀን የሴት ሥራ አለ። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይገባል፤ አሻሮው ተቆልቶ ይፈጭና እንኩሮ ይሆናል፤ ሁሉም ተደባልቆ ድፍድፉ ሰንበት ካለ በኋላ በውሃ ይሞላል፣ የጋኑም አፍ ይመረጋል። ቤቱ ተቃጥሎበት ከሆነ ደግሞ እህሉም አብሮ ነዷልና ጥንስሱን የምትጥለው ጎረቤት ወይም ዘመድ ናት። በቀጠሮው ቀን ሰዉ ማገርና ሣር ተሸክሞ፣ መጥረቢያና ገመድ ይዞ ይመጣል፤ ጠላው በጣሳ እየዞረ ቤቱ ይቆማል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጠላው አንዴም ወደ ገንዘብ አይለወጥም። አንድ ጣሳ ስንት ያወጣል ብሎ የጠየቀ ሰው ደቦው አልገባውም ማለት ነው። የሚቆጠረው ሌላ ነው፦ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ እኔ ስጠራስ ማን ይመጣልኛል። በወንፈል ቆጠራው ቀን በቀን ነው፤ በደቦ ላላ ይላል፤ በሁለቱም ግን የመጣ ሰው ብድር ትቶ ይሄዳል፣ ጠሪውም ብድር ይዞ ይቀራል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የባስከርቪልን ቢራ የገዛ ሰው አራት ጣሳ ይዞ ይወጣል፣ ዋጋው ወደ ድርጅቱ ይሄዳል፣ በገዢውና በተጎዳው ሰፈር መካከል የቀረ ነገር የለም። ጠላው ግን ጠጪውን ባለዕዳ ያደርገዋል። አንዱ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ሌላው ሰውን ከሰው ያስተሳስራል። ይህን የምለው ገንዘብን ለማናናቅ አይደለም። ሚኒያፖሊስን ያየ ሰው ያን ሊል አይችልም። በዚያ ዓመት በግንቦት ማብቂያ የፍሎይድን ሞት ተከትሎ በተነሣው ረብሻ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ወደ 1,500 የሚጠጉ ቦታዎች ጉዳት ደረሰባቸው፤ ግምቱ 500 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው የተባለው። ክፉኛ ከተመታው አንዱ ሌክ ስትሪት ነው፤ የላቲን አሜሪካና የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች፣ የእኛም አገር ሰዎች ጭምር፣ ሱቅ የከፈቱበት ረጅም ጎዳና። ብዙዎቹ ነጋዴዎች የነበራቸው መድን ፍርስራሹን ለማስነሣት እንኳ የሚበቃ አልነበረም። በዚያ ላይ ከተማው የማፍረሻ ፈቃድ ለመስጠት የዓመቱን ቀሪ የንብረት ግብር አስቀድማችሁ ክፈሉ ይል ነበር። ሱቁ አመድ የሆነበት ሰው አመዱን ለማስነሣት ግብር ይጠየቅ ነበር ማለት ነው፤ ጩኸት ከበዛ በኋላ አሠራሩ ተነሣ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ቶሎ የሚደርስ ጥሬ ገንዘብ የሚተካው የለም። ማገር ተሸክሞ የሚመጣ ጎረቤት የማፍረሻ ፈቃድ አያወጣም፤ የባለሙያ ማኅተም ያላረፈበትን ግድግዳም ከተማው አይቀበልም። ደቦ እንዳለ ተወስዶ በሌክ ስትሪት አይሠራም።

ነገር ግን በዚያው ሰፈር፣ ከተቃጠለው ሦስተኛው የፖሊስ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ደቦ በጣም የቀረበ ነገር ሆኗል። ዱ ኖርድ የቢራ ሳይሆን የቮድካና የጂን ማጣሪያ ነው፤ የጥቁር አሜሪካዊው የክሪስ ሞንታና ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተ። ወረርሽኙ ሲገባ አልኮሉን ለእጅ ማጽጃ አውሎት ነበር። በዚያ ረብሻ መጋዘኑ ላይ እሳት ተለኮሰ፤ እሳቱን ያጠፋው የጣሪያ ውሃ ደግሞ ያለውን ዕቃ አጥለቀለቀው። ሞንታና መጀመሪያ ያደረገው ቤቱን የምግብና የመሠረታዊ ዕቃ ማከፋፈያ ማድረግ ነው። በአካባቢው ሱቆች ተቃጥለዋል ወይም ተዘግተዋል፤ ሰዉ ዳይፐርና ዱቄት የሚገዛበት አልነበረውም። ለእሱ ቤት የሚሆን ገንዘብ መሰብሰብ ሲቻልም፣ ጉዳት ለደረሰባቸው ሌሎች የጥቁሮችና የስደተኞች ንግዶች የሚውል ፈንድ ተቋቋመ። እዚህ ላይ መጠጥ ቤቱ የጠቀመው በጠመቀው አይደለም። የጠቀመው ሰፊ ወለል፣ የጭነት በር፣ ሰዉ ስሙን የሚያውቀው አድራሻ ስላለው ነው። ደቦ ጠሪም ከጠላው ቀድሞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ሲጠራ የሚታወቅ ስም፣ ሰው ሲመጣ የሚያስተናግድ ደጅ። የአነስተኛ ጠማቂ ትልቁ ሀብቱ ደጁ ነው የምለው ለዚህ ነው። ጣሳው ላይ የታተመው መፈክር ከደጁ ጋር ካልተገናኘ፣ መልካም ሽያጭ ሆኖ ያልፋል።

ይህን ሁሉ ማስታወቂያ ነው የሚሉ አሉ፤ መሠረት የለውም አልልም። በዚያ በጋ ስንቱ ድርጅት በማኅበራዊ ገጹ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ለጥፎ ወደ ሥራው እንደተመለሰ ሁሉም ያስታውሳል። ቢራ ጠማቂዎቹም ንጹሕ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 የካሊፎርኒያዋን ፓራዳይዝ ከተማ እሳት ሲበላት ሴራ ኔቫዳ የተባለው ጠማቂ «ሬዚሊየንስ» የሚል ቢራ አውጥቶ ነበር፤ ከ1,400 በላይ ጠማቂዎች አብረው ጠመቁ። በኋላ ግን ቃል ከገቡት መካከል ቢራውን ሸጠው ገንዘቡን ሳይልኩ የቆዩ ስለነበሩ ሴራ ኔቫዳ በይፋ ማሳሰብ ግድ ሆነበት። ይህ ከዘረኝነት ወይም ከቸርነት በፊት የሂሳብ ጉዳይ ነው። «ገቢ» ማለት ከገብስና ከጋዝ ወጪ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ማን ያያል? ደቦ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ የቀረ ሰው ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል፣ መንደሩም አይረሳለትም። በሌላ በኩል፣ ስም ለማግኘት ነው የሚለው ክስ ብቻውን አያሳምነኝም። ደቦ ጠሪም ስም ይፈልጋል። ጠላው የቀጠነበት ደጋሽ ለዓመታት ይተረትበታል፤ ያማረለትም ይወደስበታል፣ ይህም ቀጣዩን ጠሪ ያበረታታል። ስም መፈለግ ነውር የሚሆነው ስሙ ሥራውን ሲቀድም ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል። የተጎዳ ሰፈር የሚጎድለው መጠጥ ነወይ? በአሜሪካ ድሃ የጥቁሮች ሰፈሮች ምግብ የሚሸጥ ሱቅ ጠፍቶ አልኮል የሚሸጥ ሱቅ የሚበዛበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ነዋሪው ሲታገለው የኖረ ነገር ነው። 10 በመቶ አልኮል ያለው ስታውት ደግሞ የደቦ ጠላ አይደለም። ቀኑን ሙሉ እየጠጡ ማገር የሚያስሩበት ጠላ ለስላሳ ነው፤ ግማሽ ምግብ ነው ቢባል ያስኬዳል። እንዲያም ሆኖ አገር ቤትም በጠላና በአረቄ የተጎዳ ቤተሰብ ሞልቷል፤ ጠላ ሻጭነትም ለብዙ ብቸኛ እናት ሌላ በር ሲዘጋ የሚገባበት ሥራ ነው። ለዚህ ተቃውሞ ሙሉ መልስ የለኝም። ያለኝ ከፊል መልስ ይህ ነው፦ ጠማቂው በሰፈሩ ውስጥ ነዋሪና ቀጣሪ ከሆነ ለሚያደርሰው ጉዳት ፊት ለፊት ይጠየቃል፤ ከሩቅ በጭነት መኪና የሚመጣው ግን ማንም አያገኘውም።

እስካሁን ደቦን እንደ መለኪያ ስጠቀምበት የቆየሁትን ያህል፣ አሁን ደቦው ራሱ ይለካ። በውጭ የምንኖር ሰዎች የአገር ቤቱን ነገር ስናነሣ እንደ ወይራ ጭስ ደስ የሚለውን ብቻ የመምረጥ ልማድ አለብን። ጠላው የተቀዳበትን ጋን ማን ሠራው? ሸክላ ሠሪዋ። መጥረቢያውንስ? ቀጥቃጩ። በብዙ አካባቢ እነዚህ ሰዎች ቡዳ ተብለው የተፈሩ፣ ጠይብ ተብለው የተሰደቡ ናቸው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብም ፉጋ ወይም ማንጆ የተባሉት ከሌላው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይጠጡ፣ ከቤት እንዳይዘልቁ፣ ከማኅበሩ እንዳይገቡ ሲደረግ ኖሯል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ልማዱ ከአዋጁ በኋላም ብዙ ትውልድ ኖረ። የደቦው ብድር ክቡር የሚሆነው በአንድ ጣሳ ለሚጠጡት ብቻ ነው። ጋኑን የሠራችው ከደጅ ቆማ ጋኗን ሸጣ ትሄዳለች። ስለ ሴቶቹም ቢሆን፣ ቤቱን ያቆሙት ወንዶች ሲመሰገኑ ሳምንት ሙሉ የጠነሰሰችው በስም የምትጠራው ጠላው ሲቀጥን ነው።

እዚህ ላይ ከማዶ ያለው ታሪክ እንግዳ መሆኑ ያበቃል። በቶማስ ጀፈርሰን ርስት በሞንቲቼሎ ቢራውን ይጠምቅ የነበረው ፒተር ሄሚንግስ ባሪያ ነበር፤ ሙያውን እ.ኤ.አ. በ1813 ከአንድ እንግሊዛዊ ጠማቂ ተምሮ ቀጥ አድርጎ ይዞታል። ከ200 ዓመት በኋላ የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር አባላቱን ሲጠይቅ፣ ከባለቤቶቹ 88 በመቶው ነጮች፣ ጥቁሮቹ 1 በመቶ ሆነው ተገኙ። ይህ የቢራ ጣዕም ጉዳይ አይደለም። ቢራ ፋብሪካ ለመክፈት የባንክ ብድር፣ ከአባት የተወረሰ ቤት መያዣ፣ ዕውቀቱን የሚያካፍል ወዳጅ ያስፈልጋል፤ ሦስቱም ለጥቁር አሜሪካውያን በሕግም በልማድም ሲዘጉ ኖረዋል። እንግዲህ አንድ ነጭ ጠማቂ «ጥቁር ውብ ነው» የሚል ቢራ ጠምቆ ገንዘቡን በታማኝነት ቢልክ እንኳ፣ በጋኑና በጣሳው መካከል ያለው ርቀት አልተነካም። ባስከርቪል ደረሰኝ የሌለውን ቃል የጨመረው ይህን አውቆ ይመስለኛል። የገንዘቡ ግዴታ ጣሳው ሲያልቅ ያልቃል። የቀረው ቃል ግን ጠማቂውን በሚቀጥለው ዓመት ማንን ቀጠርክ፣ ማንን አስተማርክ ብሎ ይጠይቀዋል። ያ በደቦ ቋንቋ ብድር ነው።

በውጭ ያለው እድራችንም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። አስከሬን ለመሸኘት፣ ለታመመ ለመድረስ የምናዋጣው ገንዘብ የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ላይ የሚገኘው ስም በአብዛኛው ቋንቋችንን የሚናገረው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ወይም መስጊዳችን የሚመጣው ነው። በሌክ ስትሪት ከእኛ ሱቅ አጠገብ ሱቁ የተቃጠለበት ጥቁር አሜሪካዊ ወይም ሜክሲኳዊ በእድሩ መዝገብ የለም። ሊኖር አይችልም የሚል ካለ፣ ምክንያቱን ከደንቡ አውጥቶ ያሳየኝ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ደንብ ሳይሆን አለመጥራት ነው፤ ያልተጠራ ሰው ደግሞ ወደ ደቦ አይመጣም።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ2020 የብሩክሊን ቢራ ፋብሪካ ዋና ጠማቂ ጋሬት ኦሊቨር፣ እሱም ጥቁር አሜሪካዊ፣ በእንግሊዛዊው የቢራ ጸሐፊ በማይክል ጃክሰን ስም ፋውንዴሽን አቋቋመ። ፋውንዴሽኑ ቢራ አይሸጥም፤ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ጠመቃና የአልኮል ማጣራት እንዲማሩ የትምህርት ክፍያቸውን ይሸፍናል። የጠመቃው ሽልማት የተሰየመው ጃማይካ ተወልደው በስኮትላንድ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሰር በሆኑት፣ የገብስ ብቅል የሚፋጠንበትን ዘዴ ባገኙት በሰር ጄፍ ፓልመር ነው። የማጣራቱ ደግሞ በኔተን ግሪን፤ በቴነሲ በባርነት ዘመኑ ውስኪ ያጣራ የነበረና ጃክ ዳንኤል የተባለውን ልጅ ሙያውን ያስተማረ ሰው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የተማሪው ስም ነው።