አርብ ገበያ የማይጠገን ሞተር

ዓርብ ጠዋት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ላይ ሾፌሮች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ዳገት ነው። በንፋስ መውጫ በኩል የመጣ መኪና 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ አቋርጧል። እዚያ ላይ አየሩ ጅቡቲ ወደብ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ናፍታ ደግሞ ያለ አየር አይነድም።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው የድሮው ፊያት 682 ኤንትሬ ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 11.5 ሊትር፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው። ጥቁር ጭሱን እየተፋ፣ እያቃሰተ ይወጣል፤ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ይከተላል። ቢቆም ግን የቆመበት ቦታ ይጠገናል። ፍልትሮው ይታጠባል፣ የናፍታው መስመር ተፈትቶ አየር ይወጣለታል፣ ይነሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቁልፍና ጨርቅ ነው።

ከዚያ ቱርቦ መጣ። ከሲሊንደሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ ቀጭኑን አየር አጭቆ ያስገባል። ለጋይንት ዳገት ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣም። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚለው ሲኖ እንኳ (ስሙን ያገኘው በሞተሩ ሳይሆን ባደረሰው አደጋ ነው) ቻይና በ1983 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያው ስታየር ከወሰደችው ቴክኖሎጂ የተወለደ 9.7 ሊትር ሞተር አለው። በሊትር ከኤንትሬ ያንሳል፣ በጉልበት ግን እጅግ ይበልጠዋል።

ጣጣው የመጣው ከቱርቦው ቀጥሎ ነው። በአዲሱ አይሱዙ፣ 5.2 ሊትሩ 4ኤችኬ1 ላይ፣ ናፍታው መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። ግፊቱ ከ1600 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የከባድ መኪና ጎማ ከሚነፋበት 200 እጥፍ ያህል። ጭሱ ቀነሰ፣ ናፍታ ቆጠበ። ነገር ግን ኢንጀክተሩ ቅንጣት አቧራና ጠብታ ውሃ አይችልም፤ ማደያ ሲደርቅ ደግሞ የሚቀዳው ከጀሪካን ነው።

ሞተሩ ሲታመም ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ አንዲት ቢጫ መብራት ያበራል።

«ጋሼ፣ ፖምፓውን ልፍታው?» ይላል ረዳቱ።

«ተው ልጄ፣ ይሄ በኮምፒዩተር ካልታየ አይነካም።»

ኮምፒዩተሩ ያለው ባሕር ዳር ነው። ጤፉ እዚያው መኪናው ላይ ያድራል፤ ነጋዴው ለጎታች የከፈለውን በሚቀጥለው ዓርብ ጥሬ ሸማች ላይ ይጨምረዋል።

ወደ ኤንትሬ እንመለስ የሚል ሾፌር የለም፤ ዳገቱን ያውቀዋላ። ግን መኪናውን በሚሊዮኖች የሚሸጥ አስመጪ፣ አንድ መመርመሪያና አንድ የሠለጠነ መካኒክ ደብረ ታቦር ላይ ማስቀመጥ እንዴት ይከብደዋል? ከናፍታ ፍልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ጠዋት ጠዋት ማፍሰስ እንዳለበት እንኳ ለረዳቱ ያሳየው የለም።