ይገባል ወይስ ይሆናል?

መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ በጣም የምፈራው ቃል «ይገባል» የሚለው ነው። ካንዴላ ትጠይቃላችሁ፤ ሻጩ ከመደርደሪያው አንዱን ያወርድና «ይሄ ይገባል» ይላችኋል። አልዋሸም። ጥርሱ ይገጥማል፣ ይጠብቃል፣ ሞተሩም ይነሳል። ግን የሚገባ ሁሉ አይሆንም። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ኮዱ ተነስቶ ሸጋ ሆኖ ይሠራል፣ ጉዱ የሚታየው ሰው ሁሉ በአንዴ ሲገባበት ነው። ካንዴላም ማንነቱ የሚታወቀው ጫና ሲበዛበት ነው።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ነርስ ናት፤ ቤቷ አዲስ አበባ፣ ሥራዋ ቢሾፍቱ፣ ብዙውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ። መኪናዋ ኮሪያ ሠራሽ ነው፤ ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ። የሆነ ሰሞን «ሲኖትራክ ልቀድም ነዳጅ ስሰጠው ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል» ትለኝ ጀመር። ቀስ ብላ ስትነዳው ምንም የለውም። ሌሊት፣ ብቻዋን፣ ከጎኗ ሲኖትራክ፣ ከኋላዋ ሌላ መኪና እየበረረ ሲመጣ ጉልበቱ የሚከዳ መኪና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ጋራዥ ወስደነው ኮምፒውተር ሲሰካበት ፒ 0303 የሚል ኮድ አወጣ። የመጨረሻዋ 3 ቁጥር የምትነግረን ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት እየሳተ መሆኑን ነው፤ መካኒኮቻችን «ሚስ ያደርጋል» የሚሉት። ኮዱ ግን የትኛው እንደሳተ እንጂ ለምን እንደሳተ አይናገርም። መካኒኩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው፣ የሦስተኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያየሩ። ኮዱ እዚያው ሦስተኛው ላይ ቀረ፤ ኮይሉ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ቀጥለው የሦስተኛውን ካንዴላ ከአንደኛው ጋር አቀያየሩ። በማግስቱ ኮዱ ፒ 0301 ሆነ። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ሄዷል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ውጤቱን ማየት፤ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ በዘይት በጨቀየ እጅ ሲሠራ አየሁት።

አራት ካንዴላ መግዛት ነበረብን። የትኛውን የሚለው ላይ ግን ሦስት ምክር መጣ። አባዬ «ምን ያስገዛችኋል? አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት ማድረግ፣ ክፍተቱን ጠበብ አድርጎ መመለስ ነው» አለ። ጋሼ «ርካሹን ኒኬል ግዙና ቶሎ ቶሎ ቀይሩት» አሉ። ሶማሌ ተራ ያለው ልጅ ደግሞ «ብሮ፣ ይሄን ውሰድ። የውድድር ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ጉልበት ይጨምራል» አለኝ። ሦስቱም ከአየር ላይ ያመጡት ነገር አልነበረም። ሦስቱም ግን የሚያወሩት ስለ ሌላ ሞተር ነበር።

አባዬ ሃያ ምናምን ዓመት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነድቷል። ቤታችን የበላው፣ እኔም የተማርኩት በዚያች መኪና ነው። ላዳ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ውጭ፣ ካርቡራቶር ላይ ነው፤ ሲሊንደር የሚገባው አስቀድሞ የተዘጋጀ ድብልቅ ነው። ኮምፕሬሽኑ 8.5 ለ 1 አካባቢ፣ የካንዴላው ክፍተት ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር። የኒኬሉ ጫፍ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ቢታሽ ቢታሽ ገና ይቀረዋል። የአባዬ ምክር ለዚያች መኪና ሙያ ነበር።

የእህቴ ሞተር ሌላ ዓለም ነው። በተለመደው የኢንጀክተር መኪና ቤንዚኑ በ3 ወይም በ4 ባር ግፊት ከቫልቩ ደጅ ላይ ይረጫል። በቀጥታ የሚረጭ ሞተር ግን የራሱ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ አለው፤ ጫና ሲበዛ ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ቤንዚኑን እዚያው የቃጠሎው ክፍል ውስጥ ይለቀዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 300 ኤስ ኤል ላይ ተጠቅሞበታል፤ ሚትሱቢሺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ጋላንት ላይ ገጥሞ ለገበያ አቀረበ። ጥቅሙ ምንድነው? ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ያለጊዜው ሳይቀጣጠል ጠበቅ ተደርጎ ይጨመቃል። የእህቴ ሞተር 11 ለ 1 ይጨምቃል። ከትንሽ ቤንዚን ብዙ ጉልበት የሚወጣው እንዲህ ነው።

ሂሳቡን የሚከፍለው ካንዴላው ነው። ፍሪድሪሽ ፓሽን የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1889 ያሳየው ሕግ አለ፦ ብልጭታ ክፍተት ለመዝለል የሚፈልገው ቮልቴጅ በክፍተቱ ስፋትና በአየሩ ግፊት ብዜት ይወሰናል። ዩኒቨርሲቲ ለፈተና ያነበብኩት ነገር ነው፤ ሲኖትራክ ጎን ይጠብቀኛል ብዬ አላሰብኩም። ክፍተቱ ሲሰፋ ቮልቴጅ ይፈለጋል፤ አየሩ ሲታመቅም ቮልቴጅ ይፈለጋል። እህቴ ቀስ ብላ ስትነዳ ሲሊንደር የሚገባው አየር ትንሽ ነው፣ ያረጀውም ካንዴላ ይወጣዋል። ለመቅደም ስትረግጠው አየሩ ይሞላል፣ ግፊቱ ያሻቅባል፣ ኮይሉ አቅም ያጥረዋል፣ እሳቱ ይስታል። መጽሐፉ ክፍተቱ ከ1.0 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ይሁን ይላል። የወጣውን ስንለካው 1.4 ደርሷል።

ታዲያ አሽቶ፣ ክፍተቱን አጥብቦ መመለስ ለምን አይሆንም? የወጣው ካንዴላ ኢሪዲየም ነበር። የኢሪዲየም ጫፍ በጣም ቀጭን ነው፤ ኤንጂኬ 0.6 ሚሊሜትር፣ ዴንሶ ደግሞ 0.4 ሚሊሜትር ድረስ አቅጥነው ይሠሩታል። ቀጭን ጫፍ ላይ ብልጭታ በአነስተኛ ቮልቴጅ ይዘላል፤ ለዚህ ሞተር የተመረጠውም ለዚያ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ወይም የሽቦ ብሩሽ ሲያገኘው ግን ያልቃል። በመፍቻ ጫፍ ክፍተቱን ላስተካክል ቢባል ጫፉ ሊሰበር ይችላል።

የጋሼ ኒኬልም እንዲሁ። ኒኬል 1455 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፣ ፕላቲነም 1768፣ ኢሪዲየም 2446። ካንዴላ ሞተር ውስጥ አይቀልጥም፤ ግን በእያንዳንዱ ብልጭታ ትንሽ ትንሽ ይበላል፣ ቶሎ የሚበላው ደግሞ ኒኬሉ ነው። ኒኬል እንደ ሞተሩ 30,000 ኪሎሜትር አካባቢ ያገለግላል፤ ጥሩ ኢሪዲየም 100,000 ሊደርስ ይችላል። «ኢሪዲየም ጉልበት ይጨምራል» የሚለው ወሬ ግን ወሬ ነው። የሚያደርገው ክፍተቱን ለረጅም ጊዜ ባለበት ማቆየት ነው። ለእህቴ የሚያስፈልጋትም ይኸው ነው፤ ከወር ወር የማይለዋወጥ መኪና። እሳት የሳተ ሲሊንደር ያልተቃጠለውን ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫ ይልከዋል፤ እዚያ ያለው ካታሊስት በዚያ ምክንያት ግሎ ሊቀልጥ ይችላል። የእሱ ዋጋ ከአራት ካንዴላ ጋር አይወዳደርም።

የሶማሌ ተራው ልጅ «ቀዝቃዛ» ያለኝን ልመለስበት። ሙቅ ካንዴላ፣ ቀዝቃዛ ካንዴላ ሲባል ስለ ብልጭታው ሙቀት አይደለም። ካንዴላው የጫፉን ሙቀት ወደ ቴስታታው የሚያስረክብበት ፍጥነት ነው። ጫፉ ከ450 ወይም ከ500 ዲግሪ በታች ከቆየ ጥላሸቱን አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት ያቅተዋል። ከ900 አካባቢ በላይ ከወጣ ደግሞ ራሱ ፍም ሆኖ ብልጭታው ሳይመጣ ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል፤ ይሄ ፒስተን ይበሳል። የውድድር መኪና ሁልጊዜ ስለሚጋልብ ቀዝቃዛ ካንዴላ ይፈልጋል። በቀጥታ የሚረጭ ሞተር ግን ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀልበት ጊዜ አጭር ስለሆነ በተለይ በጠዋት ብርድና በአጭር መንገድ ጥላሸት ይወዳል። ቀዝቃዛ ካንዴላ ብታስሩለት ቦሌ መንገድ ላይ ተሰልፎ እያለ ይታፈናል።

ቁጥሩ ደግሞ ወጥመድ አለው። ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ ቦሽ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። የኤንጂኬ 6 ከዴንሶ 20 ጋር ነው የሚመጣጠነው። ስለዚህ «6 ቁጥር ስጠኝ» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ሙሉ ኮዱን ማንበብ ነው። ለምሳሌ ቢ ኬ አር 6 ኢ-11 የሚባል በጣም የታወቀ የኤንጂኬ ካንዴላ አለ። ቢ ጥርሱ 14 ሚሊሜትር መሆኑን፣ ኬ የ16 ሚሊሜትር ቁልፍ እንደሚፈልግ፣ አር ውስጡ ሬዚስተር እንዳለ፣ 6 የሙቀት ደረጃውን፣ ኢ የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር መሆኑን፣ 11 ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር መሆኑን ይናገራል። ስድስት ውሳኔ በአንድ መስመር። ሬዚስተሩ ቀረ ማለት ሬዲዮው ይንጫጫል፣ የመኪናው ኮምፒውተርም ሊረበሽ ይችላል። ርዝመቱ በዛ ማለት ፒስተኑ ሊመታው ይችላል፤ አነሰ ማለት ባዶ የቀረው ጥርስ ካርቦን ይቋጥራል። በቀጥታ በሚረጭ ሞተር ደግሞ የካንዴላው ጫፍ የሚቆምበት ቦታ የቤንዚኑን ጭጋግ አቅጣጫ ታስቦ የተመረጠ ነው። ትንሽ ከፍ ዝቅ ካለ ወይ ቤንዚን ይጠግባል፣ ወይ ቤንዚን ያጣል።

አንድ የቀረ ጥያቄ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው የሚጫነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር ያነሰ ነው። እንግዲያስ ከመጽሐፉ አንድ ደረጃ የሞቀ ካንዴላ ይሻለው ይሆን? ይሄን ጥያቄ ከወረቀት ላይ መመለስ አይቻልም፤ የወጡትን ካንዴላዎች ማንበብ ነው። ማንበብ የሚችለው ደግሞ አባዬ ነው።

አራቱንም በጋዜጣ ላይ ደረደርኩለት። መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አዞራቸው። «ጥቁር ቢሆን ኖሮ ታፍኗል እልህ ነበር። ነጭ ሆኖ ቢፈነዳዳ ግሏል። ይሄ ግራጫ ነው፣ ቡናማም አለው። እርጥበት የለውም፣ ዘይትም አልበላም። ይሄ ልጄ፣ አልታመመም፤ አርጅቶ ነው» አለኝ። በሃያ ዓመት ላዳ የተገራ ዓይን በቀጥታ የሚረጨውን ሞተር በትክክል አነበበው። ሙቀቱ ልክ ነው ማለት ነው፤ መሞቅም መቀዝቀዝም አያስፈልገውም። ደግሞስ እህቴ አዋሽና ድሬዳዋ የምትወርድበት ቀን አለ፤ አየሩ ጥቅጥቅ ባለበት ቆላ የሞቀ ካንዴላ ይዞ መሄድ አደጋ ነው።

ስለዚህ የገዛነው መጽሐፉ ላይ ያለውን ኮድ ነው፤ የበለጠም ያነሰም አይደለም። ፎርጅድ እንዳይሆን የሬዚስተሩን መጠን በመልቲሜትር ለካሁ፣ አራቱም ጥቂት ሺህ ኦም አካባቢ ተቀራረቡ። የታጠፈው እግር መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ጽሑፉ አለመንሻፈፉን፣ ክፍተታቸው አንድ ዓይነት መሆኑን አየሁ። ጋሼ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ፣ ጥርሱን ቅባት ሳይቀቡ በእጃቸው አስገቡ፣ በመጨረሻ መጽሐፉ ባለው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጠበቁ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ በጉልበት የጠበቀ ካንዴላ ጥርሱን ይዞት ይወጣል።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያሉን መኪኖች እነዚሁ ናቸው። በቀጥታ የሚረጩትም እያረጁ ነው፤ ገና ብዙ ዓመት እንጠግናቸዋለን። «ይገባል» እየተባለ የተገጠመ ዕቃ ደግሞ የሚጋለጠው ጋራዥ በር ላይ አይደለም፣ መንገድ ላይ ነው።

የካንዴላውን ሙሉ ኮድ፣ ክፍተቱን፣ የማጥበቂያውን ልክና የገጠምንበትን ኪሎሜትር ወረቀት ላይ ጽፌ መኪናው ኪስ ውስጥ አስቀምጫለሁ። እህቴ በሳምንት አራት ቀን ቢሾፍቱ ደርሳ ትመለሳለች፤ በዓመት ወደ 20,000 ኪሎሜትር ይመጣል። 100,000 እስኪሞላ አልጠብቅም። 60,000 ላይ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አውጥተን እናያቸዋለን። ቀጠሮውን ለአባዬ ነግሬዋለሁ። «መነጽሬን ብቻ አትርሱ» ብሎኛል።